ከወሎ አፈር የዋሻ ሥዕል ቀለም አሠራር፤ ከጉድጓዱ እስከ ግድግዳው

ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ ከ4,000 በላይ የኦከር፣ ማለትም በብረት የበለጸገ የቀለም አፈር፣ ቁራጮች ተገኝተዋል። ሲመዘኑ 40 ኪሎ ያህል ናቸው፤ ዕድሜያቸውም 40,000 ዓመት ገደማ ነው። አብረዋቸው የተገኙት መፍጫ ድንጋዮች የቀለሙን ቅሪት እስከ ዛሬ ይዘዋል። በደቡብ አፍሪካው ብሎምቦስ ዋሻ ደግሞ ከ100,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኦከር ፈጭተው፣ ከከሰልና ከአጥንት ቅባት ጋር በባሕር ዛጎል ውስጥ ለውሰውት ተገኝቷል። ሙያው ያኔም ዛሬም አንድ ነው፦ አፈሩን መምረጥ፣ ማጠብ፣ ሲያስፈልግ በእሳት መለወጥ፣ መፍጨት፣ በማጣበቂያ መለወስ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ ወሎ ውስጥ አለ፤ ግማሹ እንዲያውም ማጀት ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀለሙን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ማጠቡ ነው። ብዙ ሰው አፈር ደቁሶ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ በእንቁላል ይለውስና ሥዕሉ በሳምንቱ ሲሰነጠቅ እንቁላሉን ይወቅሳል። እንቁላሉ ጥፋት የለበትም። አሸዋውና ትርፍ ጭቃው ሳይወጣለት የተቀባ አፈር የትም አይቆይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ማጠብ የተጻፈውን አትዝለሉት።

የአፈር ቀለም ለምን አይለቅም?

ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው ሄማታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ ነው። ቢጫውን ቢጫ ያደረገው ጎታይት ሲሆን እሱም ውሃ በውስጡ የያዘ የብረት ኦክሳይድ ነው። በቀላል አማርኛ ሁለቱም ዝገት ናቸው። ዝጎ ያለቀ ብረት ደግሞ ከዚያ ወዲያ አይዝግም። ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ አየር አይለውጠውም፣ ኖራም አይበላውም። ከቅጠልና ከአበባ የሚጨመቅ ቀለም በጥቂት ወራት የሚገረጣው፣ የዋሻ ሥዕሎች ግን አሥር ሺህ ዓመታትን የተሻገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቡናማው አፈር ከብረቱ በተጨማሪ ማንጋኒዝ የሚባል ሌላ ማዕድን አለው። ማንጋኒዙ በበዛ ቁጥር ወደ ጥቁር ይሄዳል።

የወሎ ደጋ የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ በብረት የበለጸገ ድንጋይ ነው። አንዱ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ቀዝቅዞ አፈር ከለበሰ በኋላ ሌላው በላዩ ሲፈስበት፣ ከሥር ያለው አፈር እንደ ሸክላ ይጠበሳል። በተቆረጠ የመንገድ ዳር ገደል ላይ በጥቁር ድንጋይ ድርብርብ መሐል የሚታየው ቀይ መስመር ይኸው ነው፤ ለቀይ ቀለም መጀመሪያ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ከቤት የምትይዙት

ሁለት ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ ሜትር ሻሽ፣ የማይፈለግ የተሰበረ ምጣድ ወይም ሰፊ ገል፣ ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ሙቀጫ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከነመጁ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። ለቀለም የዋለ ወፍጮና ሙቀጫ ተመልሶ ለእህል አይውልም። ማንጋኒዝ ያለበት አፈር በተለይ ለሰውነት መርዛም ስለሆነ በዚህ ላይ መደራደር የለም። ደረቅ አፈር ስትደቁሱና ስትነፉም አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ልሙ የድንጋይ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

አፈሩን መምረጥ

የሚሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መሬቱ ይደርቃል፤ በክረምት የታጠበው ገደልም ንብርብሩን አጥርቶ ያሳያል። በሐምሌና በነሐሴ ከገደል ሥር አትቆፍሩ፤ በደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት የታወቀ አደጋ ነው። ደላንታ ውስጥ ኦፓል የወጣባቸውን የተተዉ ጉድጓዶችም አፈር ፍለጋ ብላችሁ አትግቡባቸው።

የሰው ማሳ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የቆፈራችሁትንም መልሳችሁ ድፈኑ። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ በገዳማት ቅጥርና በማንኛውም ጥንታዊ ቦታ ላይ አንድ ጭብጥ አፈር እንኳን አይነሳም። ላሊበላ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ቀዩ ድንጋይ ራሱ ቅርሱ ነው።

ከሁሉም በፊት የአካባቢያችሁን ሸክላ ሠሪዎች ጠይቁ። የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው በእሳት እንደሚቀላ፣ የትኛው አሸዋ እንደሚበዛበት ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቤት የሚመርጉና በነጭ አፈር የሚለቀልቁ እናቶችም እንዲሁ።

የላይኛውን ጥቁር አፈር እስከ ግማሽ ሜትር ግፉት። ሥርና የበሰበሰ ቅጠል ያለበት አፈር ቀለሙን ያደፈርሰዋል፤ ከእንቁላል ጋር ሲገናኝም ይሻግታል። ዋልካን ተዉት። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በጋ ላይ ማሳው ላይ እጅ የሚያስገባውን ስንጥቅ አስታውሱና ያው ስንጥቅ በትንሹ ሥዕላችሁ ላይ እንደሚወጣ ዕወቁ።

ከመሸከማችሁ በፊት እዚያው ፈትኑት። የቡና ሲኒ ገልብጡ፤ ከሥሩ ያልተቀባውና ሻከር የሚለው ቀለበት አለ። አፈሩን ወይም ድንጋዩን እሱ ላይ ሳቡት። የምታምኑት የተሰመረውን እንጂ የድንጋዩን መልክ መሆን የለበትም። ውጪው ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሆኖ መስመሩ ደም የመሰለ ድንጋይ ሄማታይት ነው፤ ይህን ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። መስመሩ ቢጫ ወይም ቢጫማ ቡናማ ከሆነ ጎታይት ነው። ጥቁር መስመር ማንጋኒዝ ወይም ማግኔታይት ሊሆን ይችላል፤ ዱቄቱ ወደ ማግኔት ከዘለለ ማግኔታይት ነው። መስመር የማይተው፣ ሲኒውን የሚጭር ድንጋይ አይጠቅማችሁም።

ሁለተኛው ፈተና በጣት ነው። ትንሽ አፈር በምራቅ አርጥቡና በሁለት ጣት እሹት። ወዲያው የሚያቀልምና በውሃ ሲታጠብ ጣት ላይ የሚቀር አፈር ጥሩ ነው። የሚቆረቁረው አሸዋ ነው፤ ግን እሱ በማጠብ ይወጣል። በየቦታው አንድ ኪሎ ብቻ ውሰዱ፤ ጆንያ ሙሉ መሸከም የሚመጣው ናሙናው ታጥቦ ደርቆ ከታየ በኋላ ነው።

ማጠብ

አፈሩን ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ጓሉን ደቁሱ፣ በወንፊት ንፉ፣ ሥርና ጠጠሩን ጣሉ። ድንጋይ ከሆነ በሙቀጫ እስኪደቅ ውቀጡት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጠላ ለሚጠምቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ ማጥለል ነው።

1 ኪሎ ዱቄት በ5 ሊትር ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥብጡ። እንዲያድር ተዉት፤ ጓሉ ራሱ ይፈታል። በማግስቱ በእጃችሁ ከሥር እስከ ላይ ለ2 ደቂቃ በደንብ አማስሉት። እጃችሁን አውጡና የውሃው ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ አንድ ደቂቃ ተኩል ቁጠሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሸዋው ባልዲው ሥር ይወርዳል፤ ቀለሙ ግን ገና ውሃው ላይ ተንጠልጥሏል። ደፍራሹን ውሃ በዝግታ ወደ ሁለተኛው ባልዲ አንቆርቁሩ። ከሥር የሚንኳኳ ዝቃጭ መፍሰስ ሲጀምር አቁሙ። በቀረው ላይ 3 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ድገሙት፤ የሚወጣው ውሃ እስኪገረጣ ድረስ ሦስት ጊዜ ይበቃል። የቀረውን አሸዋ አትጣሉት፤ ለምርጊት ይሆናል።

ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ያለው መካከለኛ ቀለም ነው፤ ለግድግዳ ይበቃል። ለቆዳ፣ ለእንጨት ወይም ለቀጭን መስመር የሚሆን ልም ቀለም ከፈለጋችሁ እንደገና አማስላችሁ በዚያው ጥልቀት 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ላይኛውን ብቻ ቅዱ። በዚህ ጊዜ ውሃው ላይ የሚቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ያነሰ ቅንጣት ነው። ሁለቱንም ለየብቻ አስቀምጡ። ከሥር የወረደው ሻካራ ቀለም ብዙ ጊዜ ደመቅ ያለ ይሆናል፤ ከላይ የተቀዳው ደግሞ ፈዘዝ ይላል፣ የጭቃው ድርሻ በዝቶበታልና። ሁልጊዜ ልሙ የተሻለ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ለ24 ሰዓት ተዉት። ቀለሙ ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠላል። ንጹሑን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ተኩት፤ እንዲህ ሁለቴ። አፈሩ ውስጥ ጨው ካለ የሚወጣው በዚህ ነው። ጨው ያልወጣለት ቀለም ከደረቀ በኋላ ፊቱ ላይ ነጭ ብናኝ ያብባል።

አንዳንድ አፈር ሦስት ቀንም ቢቆይ አይጠላም። ቅንጣቶቹ እጅግ ልም ስለሆኑ እርስ በርስ እየተገፋፉ ይንሳፈፋሉ። ለ5 ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው በሰዓታት ውስጥ ይወርዳሉ። ከዚያ ጨውን ለማስወጣት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ዝቃጩን በሻሽ ቋጥራችሁ እንደ አይብ አንጠልጥሉት። ውሃው ሲንጠባጠብ አድሮ ሊጥ ይመስላል። እንደ ኩበት ጠፍጥፋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ከ1 ኪሎ አፈር ከሩብ ኪሎ በታች ቢወጣ አትደንግጡ፤ የጎደለው አሸዋው ነው።

ቢጫውን በእሳት ማቅላት

ይህ የሥራው ድንቅ ክፍል ነው። ከአንድ ቢጫ አፈር አምስት ዓይነት ቀለም ይወጣል። ጎታይት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በውስጡ ያሰረውን ውሃ ይለቃል፤ ሄማታይት ይሆናል። ቢጫው ይቀላል።

አፈሩ ፍጹም መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ካለው ይፈናጠራል። ደቁሱትና በገል ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርጉት። ገሉን በሦስት ጉልቻ ላይ አድርጋችሁ ከሥሩ ፍም አንጥፉ። የሚንቦገቦግ እሳት አይሁን፤ ነበልባል አንዱን ጎን አሳርሮ ሌላውን ጥሬ ይተወዋል። ቡና እንደሚቆላ ሰው ሳታቋርጡ በእንጨት አማስሉ። መጀመሪያ እንፋሎት ይወጣል። ቀጥሎ ቢጫው የብርቱካን መልክ ይይዛል፣ ከዚያ የሸክላ ቀይ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ቀይ። በየ5 ደቂቃው አንድ ማንኪያ እየቀነሳችሁ ለየብቻ አኑሩ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከብርቱካናማ እስከ ደማቅ ቀይ ያለው ረድፍ በሙሉ ይኖራችኋል።

የብዙ ሰው ስሕተት ትኩሱን አይቶ መፍረድ ነው። ትኩስ ሄማታይት ከቀዘቀዘው ይልቅ ይጠቁራል፤ ስለዚህ «አረረ» ብለው ቀድመው ያወርዱታል። ሲቀዘቅዝ ግን ገና ብርቱካናማ ነው። አንድ ቁንጥር ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ሲቀዘቅዝ እዩት። ሌላው ስሕተት ከሰል ማስነካት ነው። አየር በታፈነበት ቦታ ቀይ አፈር ከከሰል ጋር ሲሞቅ ወደ ማግኔታይት ይለወጥና ይጠቁራል። ገሉን ክፍት ተዉት፤ አመድና ፍምም አይግባበት።

አፈሩ ሲሞቅ የተቃጠለ ጸጉር ወይም ቅጠል ከሸተታችሁ ብስባሽ አለበት ማለት ነው። እሱ እስኪቃጠል ይጠቁራል፣ ከዚያ ይጠራል፤ ታገሡት። ቡናማው ማንጋኒዝ ያለው አፈር ደግሞ በእሳት ወደ ሞቅ ያለ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። እሱን ደጅ ላይ ሥሩ።

ጥቁርና ነጭ ከአንድ አጥንት

የበግ ወይም የበሬ አጥንት ቀቅላችሁ ስቡን አውጡ፣ አድርቁ፣ በ3 ሳንቲ ሜትር ስበሩት። ግማሹን ጣሳ ውስጥ ከትታችሁ ክዳኑን በአንድ ምስማር ብሱና ግጠሙት። ግማሹን በቀጥታ ከእሳቱ መሐል ጣሉት። ከጣሳው ቀዳዳ መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ትንሽ ነበልባል ይወጣል። ነበልባሉ ሲጠፋ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሥራው አልቋል። ጣሳውን አውጡ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ግን አትክፈቱት። አየር ሲያገኝ ፍሙ ይቀጣጠልና ጥቁሩ ግራጫ አመድ ይሆንባችኋል። የቀዘቀዘው አጥንት ጥልቅና ሞቅ ያለ ጥቁር ነው፤ ከእሳቱ መሐል ያወጣችሁት ደግሞ እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኖ በጣት ይደቃል። አንድ አጥንት፣ አንድ እሳት፤ የለያቸው አየር ብቻ ነው።

የእንጨት ከሰልም ጥሩ ጥቁር ነው። በፈረንሳዩ ሾቬ ዋሻ ያሉት ጥቁር ሥዕሎች በከሰል የተሣሉ በመሆናቸው በራዲዮካርበን (በከሰሉ ውስጥ ባለው ካርበን ዕድሜን በሚለካ ዘዴ) ዕድሜያቸው ሊለካ ችሏል፤ የቀደሙት 36,000 ዓመት ገደማ ናቸው። ቀይ ኦከር ግን ካርበን ስለሌለው በዚህ መንገድ አይለካም። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ያለው ቢያንስ የ45,500 ዓመት የአሳማ ሥዕል የተለካው በላዩ ከተጋገረው የኖራ ቅርፊት ነው። ከሰል ስትሠሩበት አንድ ችግር አለው፤ ውሃ አይቀበልም፣ ላይ ይንሳፈፋል። ጥቂት ጠብታ የፋርማሲ አልኮል ጨምራችሁ እሹት፤ ወዲያው ይረጥባል።

ለነጭ ከአጥንት ሌላ በየሰፈሩ ቤት የሚለቀለቅበት ነጭ አፈር፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገኘው ጀሶ፣ ወይም ታጥቦና ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተልጦ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይሆናል። ነጭ አፈር ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ከፈላ የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፣ ዝም ካለ ሌላ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ጀሶ ግን በውሃ ስለሚጋገር በብዙ ውሃ እየበጠበጣችሁ ለአንድ ቀን ያህል ደጋግማችሁ ካላማሰላችሁት ድንጋይ ይሆንባችኋል።

አረንጓዴና ሰማያዊ ለሚፈልግ፦ የጥንት ሠዓሊዎች በአብዛኛው የሠሩት በቀይ፣ በጥቁር፣ በቢጫ፣ በቡናማና በነጭ ነው። በባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ አንዳንዴ የሚገኝ አረንጓዴ ጭቃ አለ፤ ነገር ግን መዳብ ያለበት አረንጓዴ መርዛም ስለሆነ፣ መለየት ካልቻላችሁ ተዉት።

መፍጨት

ደረቁን ኩበት ሰባብራችሁ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አድርጉ፤ በመሐሉ ጎድጓድ አውጡለትና ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። በመጁ እያዞራችሁ ፍጩ፤ ለሁለት ማንኪያ ቀለም 20 ደቂቃ። መጀመሪያ የሚሰማው የመቆርቆር ድምፅ እየቀነሰ ሄዶ ዝም ሲል ልሟል። የጥርስ ሳሙና መልክ ይያዝ። ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ በላዩ ሁለት ጣት ውሃ አቁሙበት፤ ማጣበቂያ ካልገባበት ለወራት ይቆያል።

ማጣበቂያ

ቀለም ያለ ማጣበቂያ አቧራ ነው። በምን ላይ እንደምትቀቡ አስቀድማችሁ ወስኑ።

እንቁላል ለእንጨት፣ ለቆዳና ለትንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሆናል። አስኳሉን ከነጩ ለዩ፤ በደረቅ ጨርቅ ላይ እያንከባለላችሁ የቀረውን ነጭ አድርቁ። ሽፋኑን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከሥር ብሱትና ፈሳሹን ብቻ አንጠባጥቡ፤ ሽፋኑ ከገባ ቀለሙ ላይ ቃጫ ይሆናል። እኩል ውሃ ጨምሩ። ከዚያ አንድ ማንኪያ የቀለም ሊጥ ለአንድ ማንኪያ እንቁላል። የዚያኑ ቀን ጨርሱት።

የግራር ሙጫ በወረቀት፣ በብራናና በልስልስ ድንጋይ ላይ ይሠራል። 1 እጅ ሙጫ በ2 እጅ ለብ ያለ ውሃ አሳድሩ፣ በሻሽ አጥልሉ፣ ከሙጫው አንድ አሥረኛ ያህል ማር ጨምሩበት እንዳይሰባበር። ገበያ ላይ ዕጣን ከሙጫ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ዕጣን ውሃ ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ትቶ ዋናው ክፍሉ ሳይሟሟ ይቀራል። ሙጫ ግን ሙሉ በሙሉ ይሟሟል።

ለጭቃና ለኖራ ግድግዳ ምርጫችን አይብ በኖራ ነው። ለምግብ የሚሆነው አይብ አሬራ በእሳት ሞቆ ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ግን አሬራውን ሳታሞቁ በሻሽ አንጠልጥሉት፤ ውሃው ሲንጠባጠብ ሻሹ ውስጥ የሚቀረውን ወፍራም እርጎ ውሰዱ። 5 እጅ ከዚህ እርጎ በ1 እጅ የተቦካ ኖራ አማስሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድንቡሽቡሹ ጠፍቶ እንደ ወፍራም አጥሚት ይለጠልጣል፤ ሲለጠልጥ ሙጫ ሆኗል። በውሃ አቅጥኑት፣ ቀለሙን ጨምሩ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት። ሲደርቅ ውሃ አይፈታውም። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ።

ሞራና መቅኒ የብሎምቦስ ሰዎች ዓይነት ቀለም ያወጣሉ፤ ግን አይደርቁም፣ አቧራ ይስባሉ። ለሰውነት ነው የሚያምሩት፤ የሐመር ሴቶች ቀይ አፈርን በቅቤ ለውሰው ጸጉራቸውን የሚቀቡትም እንዲሁ ነው። የተልባ ዘይት ግን ይደርቃል፤ እንጨት ላይ በስሱ ከተቀባ በሳምንት ገደማ።

ከመቀባት በፊት መፈተን

ትንሽ ቀለም መስታወት ላይ ቀቡና ለአንድ ቀን አድርቁ። በጣት ስታሹት ዱቄት ከወጣ ማጣበቂያው አንሷል። ከተጨማደደና እንደ ቅርፊት ከተነሳ፣ ወይም እንደ ዘይት ካብለጨለጨ፣ በዝቷል። በቢላ ስትልጡት ሳይሰባበር እንደ ስስ ቆዳ ከወጣ ልክ ነው። ማወቅ የሚጠቅም ሌላ ነገር፦ ውሃውና ማጣበቂያው ልክ ሆኖ ሥዕሉ እንደ በጋ ማሳ ከተሰነጠቀ ጥፋቱ የጭቃው ነው። ከታጠበው ቀለም 4 እጅ ላይ 1 እጅ የተፈጨ አጥንት ወይም የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ፤ የማይሸማቀቅ ነገር ሲገባበት ስንጥቁ ይቆማል። ቀጭን አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ መቀባትም አንድ ጊዜ ከማወፈር ይሻላል።

መቀባት

ቀለም መሞከሪያችሁ ወደ ቤት ያመጣችሁት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የራሳችሁ ግድግዳ ይሁን። የተፈጥሮ ገደልና ዋሻ ላይ አትቀቡ፤ ነገ የጥንት ሥዕል የሚፈልግ ተመራማሪን ያሳስታል፣ ሥር ያለ ያልታየ ሥዕልንም ይደፍናል። ድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ በሚባለው ቦታ ድንጋይ ላይ ያሉትን የከብት፣ የበግና የሰው ጥንታዊ ሥዕሎች ዛሬ የምናየው ሳይነካካቸው ያለፈ ሰው ስለበዛ ነው።

ድንጋዩን በውሃና በብሩሽ ከአቧራ አጽዱ፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ጀምሩ፣ ደረቅ ድንጋይ ማጣበቂያውን ብቻ መጥጦ ቀለሙን ዱቄት አድርጎ ይተወዋል። ለሰፊ ቦታ ጣትና የበግ ቆዳ ቁራጭ ይበቃል። ለመስመር የጥርስ መፋቂያ ከሁሉ ይበልጣል፤ የወይራ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ ቃጫው ሲበተን ብሩሽ ነው፣ ቃጫው ሲያልቅ በመቁረጥ ይታደሳል። አኝካችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እጠቡት፤ ቀለም ከነካ ወዲያ ወደ አፍ አይመለስም።

የእጅ ጥላ ማተም ለሚፈልግ፦ እጃችሁን ድንጋዩ ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን ቀለም መርጨት ነው። ጥንት በአፍ ወይም በቀጭን ቧንቧ ይነፉት ነበር፤ እናንተ ግን ቀለም አፍ ውስጥ አታድርጉ። ሁለት ቀጭን የሸምበቆ ቁራጮች ውሰዱ። አንዱን ቀለሙ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ሌላውን በአናቱ ላይ አግድም አድርጋችሁ ንፉበት። የሚያልፈው አየር ቀለሙን ከሥር ስቦ ይበትነዋል። ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን፣ በሻሽም ይጠለል፤ ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር። የተረጨው ቀለም ከተንጠባጠበ ቀርባችኋል ወይም ቀለሙ ከልክ በላይ ቀጥኗል፤ ምንም ካልወጣ አፈሩ አልላመም፣ ሸምበቆው ተደፍኗል።

የተረፈው ደረቅ ቀለም በጠርሙስ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ጊዜ አይገድበውም። በየጠርሙሱ ላይ አፈሩ የተነሳበትን ቦታ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የስንት ደቂቃ ማጠቢያ እንደሆነና ፍም ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉበት። «ሐይቅ መንገድ፣ 60 ሳ.ሜ.፣ የ10 ደቂቃው፣ ፍም 25 ደቂቃ» የሚል ወረቀት የሌለው ቀይ ሲያልቅ ያንኑ ቀይ ደግሞ ማግኘት አይቻልም።